የኮምቦልቻ ውሃ ያስከሰሰኝ ሽምብራ

ከማኅበሬ የጽዋ ተራ ተሰርዤ ነበር። የሰረዙኝ ሰዎች አብሬያቸው ያረጀሁ፣ የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ወንጀሌ አንድ ሳህን ሽምብራ ነው። ሰው ወዳጁን ለማዋረድ ትልቅ ምክንያት የሚፈልግ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። ንፍሮ ይበቃዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደሴ ብርድ ጉልበቴን ይዞ አላስቀምጥ አላስነሳ ሲለኝ “ሞቅ ያለ አገር ይሻልሃል” ተባልኩና፣ ኮምቦልቻ ዳር ላይ አዲስ በተቆረቆረው መንደር ሁለት ክፍል ቤት ቀልሼ ከባለቤቴ ከብርቄ ጋር ወረድኩ። ጉልበቴ ዳነ። ሌላው ሁሉ ታመመ።

መጀመሪያ የታመመው ሳሙናው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። የሳሙናውን መጠቅለያም አነበብኩት። “ብዙ አረፋ ይሰጣል” ይላል። ለማን እንደሚሰጥ አልጻፉም። ለእኔ የሰጠኝ እንደ አይብ የረጋ፣ ክንዴ ላይ ተለጥፎ አልወርድም ያለ ነጭ ነገር ነው። የብርቄ ጸጉር ታጥቦ ሲደርቅ ቃጫ ሆነ። ብርጭቆው ከታጠበ በኋላ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ይልቅ የቆሸሸ ይመስላል። ማንቆርቆሪያችንም ሆዱ ውስጥ ነጭ ድንጋይ አብቅሎ፣ ሻይ ስትቀዱበት ቅርፊቱ አብሮ ይወርዳል።

“ይሄ ውሃ ነው ወይስ የቀለጠ ኖራ?” አልኩ አንድ ጠዋት።

“ደግሞ በውሃው መጣህ?” አለች ብርቄ። “ደሴ ሳለን በብርዱ፣ እዚህ በውሃው። አንተን ገነት ቢያስገቡህ በሩ ሲጢጥ ይላል ትላለህ።”

ግን እናንተው ፍረዱ... በሩ ሲጢጥ ካለ ምን ልበል?

በዚህ መሃል የማኅበሩ ተራ ደረሰኝ። የሚካኤል ማኅበርተኞች ነን፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ያበላል፣ ያጠጣል። ወሩ ዐቢይ ጾም ነበርና ብርቄ ዳቦ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች፣ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ቀቀለች። ማኅበርተኛው ሚኒባስ ሞልቶ ከደሴ ወረደ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ የማኅበሩ አለቃ፣ እኛ ሙሴ የምንለው አቶ ደምሴ፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ወደ አፉ ላከ።

ጠጠር የመኪና መስኮት ሲመታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ያለ ድምፅ ተሰማ።

ደምሴ መንጋጋውን ያዘ። ከዚያ ሽምብራዋን ከአፉ አውጥቶ፣ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ አሳየ።

“ሞላ፣ ይሄ ተቀቅሏል?”

“ከማለዳ ጀምሮ።”

“በምን? በፀሐይ?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። “ኮምቦልቻ ከሰል ተወዷል መሰለኝ” አለ አንዱ። “ብትነግረን ማገዶ ይዘን እንወርድ ነበር እኮ” አለ ሌላው። ብርቄ አልሳቀችም። ሽምብራውን ከዋዜማው ዘፍዝፋ፣ አንድ ጆንያ ከሰል አንድዳበት ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በእኛ ዘንድ ያልበሰለ ንፍሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ በማገዶ ሳስቷል። ለሚካኤል በማገዶ የሳሳ ሰው ደግሞ... ተዉት። በሚቀጥለው ማኅበር ደምሴ ተነሣና “ሞላን አናስቸግረው። ርቋል፤ አቅሙም እንደምታውቁት ነው። እየመጣ ከእኛ ጋር ይቅመስ፣ ተራው ግን ይለፈው” አለ። አስቡት እስቲ። ብላ፣ ጠጣ፣ አታብላ። ይሄ የሚባለው ለድመት ነው።

እኔ ተናድጄ ገባሁ። ብርቄ ግን አልተናደደችም፤ አለቀሰች። ጽዋው የሚሸፈንበትን ጨርቅ በእጇ የጠለፈችው እሷ ናት። “እኔ ከእንግዲህ በየት በኩል ደሴ እወጣለሁ?” አለችኝ።

ለጎረቤቴ ለሰይድ ነገርኩት። ሰይድ ኮምቦልቻ ተወልዶ ኮምቦልቻ ያደገ ባለሱቅ ነው። ሳቁን መያዝ አቃተው።

“ወላሂ አያ ሞላ፣ ሽምብራ በዚህ ቧንቧ ቀቀሉ?”

“በምን ልቀቅለው ኖሯል?”

“እኛ እኮ ለጥራጥሬ የዝናብ ውሃ እናጠራቅማለን። ይሄ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ድንጋዩን እየላሰ ነው የሚመጣው። ሲጠጡት አይጎዳም፣ ሽምብራ ግን አይወደውም።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“መች ጠየቁኝ? ስለ ሙቀቱ አማረሩ፣ ስለ ትንኙ አማረሩ፣ ስለ አህያዬ ጩኸት አማረሩ። ስለ ሽምብራ አንድ ቀን አላነሡም።”

ለደምሴ ደወልኩለት። “ጥፋቱ የውሃው ነው” አልኩት። “ውሃ ያበስላል እንጂ ያጠነክራል እንዴ?” አለና ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እኔም አንድ ጀሪካን ከቧንቧዬ ሞልቼ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት ጀሪካኑን እያየ “ፋዘር፣ ዘይት ነው?” አለኝ።

“ውሃ ነው።”

“ወዴት ነው የሚወስዱት?”

“ቧንቧ ውሃ።”

ረዳቱ ሾፌሩን አየው፤ ሾፌሩ በመስታወቱ እኔን አየኝ። “ጠበል ይሆናል፣ አትነካኳቸው” ብላ አንዲት እናት አዳነችኝ። ያው በነጻ አላዳነችኝም፣ ስወርድ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ምን ላድርግ? ትንሽ ጠብ አደረግኩላት። ይማርሽ ብያለሁ።

የደምሴ ባለቤት እትዬ የሺ በንፍሮዋ ሰፈሩ የሚምልባት ሴት ናት። ደጃፏ ቆሜ “እትዬ የሺ፣ በራስዎ ሽምብራ፣ በራስዎ ምድጃ፣ በእኔ ውሃ ይቀቅሉልኝ” አልኳት። ደምሴ ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተ።

“ኖራ በጥብጠህበታል።”

“ጠጣው።”

ጠጣው። “ከበድ ይላል” አለ፤ ግን አልሞተም።

እትዬ የሺ አንዱን ሽምብራ ለሁለት ከፍላ ግማሹን በደሴ ውሃ፣ ግማሹን በእኔ ውሃ ዘፈዘፈች። በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተጣደ። ወሬው ደርሷቸው ማኅበርተኞቹ አንድ አንድ እያሉ ግቢውን ሞሉት። ሰው እንዲህ ተሰብስቦ ድስት ሲያይ ሠርግ እንጂ ፍርድ አይመስልም።

የደሴው ድስት ፈጥኖ በሰለ። ሽምብራው በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። የኮምቦልቻው ድስት በጭልፋ ሲማሰል አሁንም እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል።

“የሺ፣ እሳት ጨምሪ” አለ ደምሴ።

“ጨምሬያለሁ።”

“ከሰሉ እርጥብ እንዳይሆን።”

“ከአንድ ጆንያ የወጣ ከሰል ነው። ያኛውን አብስሎ ይሄኛውን ይጠላል?”

ደምሴ ድስቱን ዞረው። ማኅበርተኛው ያየዋል። ሙሴ ነውና አንድ ነገር ማለት አለበት። ያገባ ሰው የማይለውን አለ።

“ለዚህኛው ድስት ሳስተሽ ይሆናል።”

እኔ ራሴ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። እትዬ የሺ ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“እኔ ነኝ የሳሳሁት?”

“እንዲያው... ምናልባት ብዬ...”

“ማኅበርህን ስንት ዘመን ያበላሁት እኔ፣ በከሰል ሳሳሁ? እሺ። የብርቄን ሽምብራ ከእኔ ሽምብራ ለይተህ ንገረኝ። እሷ ስስታም ከሆነች እኔም ስስታም ነኝ፤ ተራውን ከዚህም ቤት አንሣው። እኔ ካልሆንኩ ግን...”

አልጨረሰችውም። ያገባችሁ ጨርሱት።

ደምሴ ድስቱን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማኅበርተኛው ዞረና፣ እሱ ደርሶበት ያገኘው ይመስል፣ “ጥፋቱ የውሃው ነው” አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ “የኮምቦልቻ ውሃ እኮ ድንጋይ እየላሰ ነው የሚመጣው” እያለ ሰው ያስተምራል። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። እኔም አልጠበቅኩም። አለቃ የሆነ ሰው ሲሳሳት ይቅርታ አይልም፤ ማብራሪያ ይሰጣል።

የሚቀጥለው ማኅበር በእሱው ቤት ዋለ። ብርቄም ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ ወጣች። ጸሎቱ ሲያበቃ ደምሴ ጽዋውን ከነጨርቁ አነሣና ተረኛውን ይፈልግ ጀመር። እኔ እጄን ዘርግቼ ተነሣሁ። አልፎኝ ሄደ። ብርቄ ፊት ደርሶ በሁለት እጁ አቀበላትና “ተራሽ ነው” አላት።

ቀኑ ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነበር፤ ለብርቄ ተራ ደግሞ የዝናብ ውሃ ይደርሳል።