በሁዳዴ ረቡዕ ስለተጠራው የፋላፌል ቅምሻ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዳንግላ፣ የዝግባ ጥላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ (ውስጥ ለመቀመጥ ታስቦ ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን እንጅባራ ሌላ ስብሰባ ላይ ነው)
ስብሰባው የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡00
ምልዓተ ጉባኤው የተሟላበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡00

የተገኙ የመክሰስ ኮሚቴ አባላት፦
1. አቶ መሳፍንት፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ገብረ ማርያም፣ የወላጆች ተወካይ
3. መምህርት ይታይሽ፣ የሳይንስ መምህርት
4. አቶ ጢሞቲዎስ፣ ልብስ ሰፊ
5. ይኸነው፣ ጸሐፊ

በጥሪ የተገኙ፦ ወ/ሮ ማናለብሽ፣ በትምህርት ቤቱ በር ቦምቦሊኖ ሻጭ
ሳይጠሩ የተገኙ፦ ጋሪ ነጂው አቶ የኋላሸት ከነፈረሳቸው

አጀንዳ አንድ፦ የልጆች መክሰስ

ሰብሳቢው በዘይት የተጠበሰ ነገር በትምህርት ቤቱ በር እንዳይሸጥ ባለፈው ስብሰባ መወሰኑን አስታውሰዋል። መምህርት ይታይሽ ውሳኔው የተላለፈው ሐኪም ሰብሳቢውን ዘይት በከለከላቸው ሳምንት እንደሆነ ገልጸዋል። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ ስላዘዙ፣ እንዳይመዘገብ መታዘዙ ተመዝግቧል።

በዚሁ ውሳኔ መሠረት ወ/ሮ ማናለብሽ መምህርቷ በስልካቸው ያሳዩአቸውን ፋላፌል የተባለ መክሰስ ሠርተው እንዲያቀርቡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። ኮሚቴው ከወደደው በሩ ላይ ይቀጥላሉ፤ ካልወደደው ቦታውን ይለቃሉ። ሦስት ልጆቻቸው የሚያድጉት በዚሁ በር ገቢ ነው። ወ/ሮ ማናለብሽ ካልተሳካላቸው ከዚሁ ወደ ቤት ለመመለስ ምድጃውን፣ መጥበሻውንና የዘይት ጀሪካኑን በአቶ የኋላሸት ጋሪ ጭነው መጥተዋል።

አሠራሩን ሲያስረዱ፣ ሲዘፈዘፍ ያደረ ባቄላ ሳይቀቀል ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላልና ከጎመን ጋር ተፈጭቶ እንደሚድቦለቦል፣ ከዚያም ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ ተከድኖ እየተገላበጠ እንደሚበስል ገልጸዋል። ኮሚቴው አሠራሩን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል።

አጀንዳ ሁለት፦ ቅምሻ

ሳህኑ ቀረበ። ሽታው ለሁሉም አባላት እኩል ደርሷል። እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም።

ሰብሳቢው ምግቡ ቅቤም እንቁላልም የሌለበት የጾም ምግብ ስለሆነ በሁዳዴ ቅምሻ መጥራታቸው ችግር እንደማይኖረው አስበው እንደነበር አስረድተዋል። መሪጌታ ገብረ ማርያም ግን፣ «ምግቡስ የጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ነው የሚቀምሰው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ቀኑን ማን እንደመረጠው ለማጣራት ከተደረገ ረጅም ውይይት በኋላ ሁላችንም እንደመረጥነው ተረጋግጧል።

በማሽተት ብቻ ይወሰን የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ አስቦ ማሽተት ከመቅመስ እንደማይተናነስ መሪጌታ ስላስታወቁ ወድቋል። ጸሐፊው እስከዚያ ድረስ ሳያስብ ሲያሸት ቆይቷል።

በዚህ ጊዜ የጉባኤው ዓይን ሁሉ ወደ አቶ ጢሞቲዎስ ዞረ። አቶ ጢሞቲዎስ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሲሆኑ፣ በሁዳዴ ስብሰባ እንዲህ ተፈልገው አያውቁም። ስለ ኮሚቴው ሲሉ አንድ ቀመሱ። አስተያየት ሲጠየቁ ገና እንዳልለየላቸው ገልጸው ሁለተኛውን ወሰዱ። ሦስተኛው ላይ ጨው እንደሚያንሰው፣ አምስተኛው ላይ እንደማያንሰው ተናግረዋል። ሳህኑ ላይ አንድ ሲቀር መምህርት ይታይሽ፣ አንድ ምስክር እንደማይበቃና በተለይ እንዲህ የሚበላ ምስክር እንደማይታመን አሳስበዋል።

ሌላ የማይጾም ሰው ባለመገኘቱ አቶ የኋላሸት ፈረሳቸውን አቅርበዋል። ፈረስ ባቄላ እንደሚያውቅ የተጠራጠረ የለም። ፈረሱ የመጨረሻውን በላ፤ ሳህኑንም ላሰ። መሪጌታ ፈረስ ወላጅ እንዳልሆነ ሲቃወሙ፣ አቶ የኋላሸት የትምህርት ቤቱን ልጆች ግማሽ ያመላለሰው እሱ መሆኑን፣ ብዙ ወላጅም ይህን እንዳላደረገ መልሰዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ፈረሱ በታዛቢነት እንዲመዘገብ ተወስኗል።

ሳህኑ ባዶ ስለሆነና ኮሚቴው ጣዕሙን ስላላወቀ፣ ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ እንዲታይ፣ እስከዚያ ወ/ሮ ማናለብሽ በሩ ላይ እንዳይቆሙ ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። እስካሁን ቆመው የነበሩት ወ/ሮ ማናለብሽ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው፤ እንዲህም አሉ፦

«እኔስ እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ልጆቼ ግን በቀጠሮ አይበሉም።»

ጸሐፊው አፍሯል። ቢሆንም የሰብሳቢው ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል፤ ከአብላጫው አንዱ ጸሐፊው ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ማናለብሽ ዕቃቸውን ሲያስሩ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። መሪጌታ ጸሎት አድርሰው፣ በሳፋ የቀረው የባቄላ ሊጥ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ ማናለብሽ ሳይቀየሙ ምድጃውን አውርደው ለኮሱ፤ ተከድኖ እስኪበስል ግን ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስታወቁ። ሰብሳቢው ከዚህ የሚፈጥን ዘዴ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

«አለ» አሉ ወ/ሮ ማናለብሽ። «እርስዎ ከልክለውታል እንጂ።»

በኮሚቴው ታሪክ አጭር ከሆነው ውይይት በኋላ የዘይት ጀሪካኑ ከጋሪው ወረደ። ሰብሳቢው አራት ከበሉ በኋላ፣ ሐኪማቸው ስለ ባቄላ የተናገረው ነገር እንደሌለ አስረድተዋል። አቶ ጢሞቲዎስ እንደገና ለመመስከር ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ሆኗል።

ስለዚህ፦ ያለፈው ስብሰባ ክልከላ፣ በአጀንዳ ሁለት የተላለፈው ቀጠሮና ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ወ/ሮ ማናለብሽ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በቦታቸው እንዲቆሙ፣ ተከድኖ የበሰለው ለልጆቹ፣ የተጠበሰው ለኮሚቴው እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው አፋቸው ሙሉ ስለነበር በእጃቸው ደግፈዋል። አቶ የኋላሸት የቀረውን ዕቃ መልሰው በሩ ላይ አራግፈዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡30 ተበትኗል። ማኅተሙ በተቆለፈው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ገጽ ግርጌ ያረፈው የዘይት ጣት አሻራ በማኅተም ምትክ እንዲቆጠር ተስማምተናል። አሻራው የሰብሳቢው ነው።