ፓፓ ኪያላ ያሻሻሏት ጊታር

ዕቃ በእርጅና ይበላሻል የሚሉ ሰዎች ጎረቤት የላቸውም ማለት ነው። ዕቃ የሚበላሸው በሚያሻሽለው ሰው ነው። የትም ሰፈር ሂዱ፣ ብሎን ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው አንድ ሰው አይጠፋም። የተሰበረ ነገር ብዙም አያስጨንቀውም። እንቅልፍ የሚነሳው ደህና የሚሠራው ነው። በኪንሻሳ፣ በሌምባ ሰፈር፣ በእኛ መንገድ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ፓፓ ኪያላ ናቸው።

ፓፓ ኪያላ ጡረታ የወጡ የወንዝ መርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው መርከቧ እንዳትቆም ማድረግ ነበር፤ ጡረታ የወጡት መርከቧ ስለቆመች ነው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የሸሚዝ ኪስ እሳቸው ካቻቪቴ ይሰካሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ጭምር። ማንኛውንም ዕቃ አንስተው፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ነቅነቅ ያደርጉትና ያቺን የታወቀች ቃላቸውን ይናገራሉ፦ «ይሄማ ይሻሻላል።» ይቺ ቃል ስትወጣ የሰማ ሰው ዕቃውን ነጥቆ መሮጥ አለበት።

ያክስቴን ቬንትሌተር አሻሻሉላት። ነፋሱ በእርግጥ ጨመረ፤ ግን ቬንትሌተሩ አንድ ቦታ መቆም ትቶ ክፍሉን እየዞረ መንፈስ ጀመረ። አክስቴ ከአልጋው እግር ጋር አሰረችው። የግቢያችንን በር ቁልፍ ደግሞ ሌባ እንዳይከፍተው አድርገው አሻሻሉት። ቃላቸውን ጠበቁ፦ ሌባም አልከፈተው፣ እኛም አልከፈትነው። ስድስት ቀን በአጥር ስንዘል ከረምን። እናቴ ማማ ሉዞሎ በስልሳ ዓመቷ አጥር ላይ ተቀምጣ ሳያት ክው ብዬ ቀረሁ። ፓፓ ኪያላ ግን ከታች ቆመው እግሯን የት ማሳረፍ እንዳለባት በትሕትና ይመክሯት ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያባቴን ጊታር ወስጄ የሰጠኋቸው።

አባቴ ማሳምባ ቀን ልብስ ሰፊ፣ ቅዳሜና እሑድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጊታሯ ርካሽ ናት። የገዛትም ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ ነው፤ ሰሪዋ ማን እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ያኔውኑ ተልጦ ነበር። ቀይ ቀለሟ ክንዱ በሚያርፍበት በኩል አልቆ እንጨቱ ይታያል። አንድ ዐመል ነበራት፦ አባቴ ማጉያው ላይ ሲሰካት፣ ጣቱ ክሮቹን ከመንካቱ በፊት፣ «እምምምም» ትላለች። ሲነካት ዝም ትላለች። እጁን ሲያነሳ እንደገና «እምምምም»። ያን ድምፅ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴም ከማድ ቤት ሆና፣ የካሳቫውን ቅጠል እየወቀጠች፣ «ደሞ ጀመረው» ትላለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ሳትለው የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

ፓፓ ኪያላ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሃያ ዓመት ለመኑ። «ማሳምባ ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ታማለች። አንዲት ሽቦ ናት የጎደለቻት። ይሄማ ይሻሻላል» ይሉታል። አባቴ መልሱ አንድ ነበር፦ «እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም ካቻቪቴ አያስነካትም።»

አባቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። በቀብሩ ላይ እንደ ፓፓ ኪያላ ያለቀሰ አልነበረም። አልቅሰው ሲያበቁ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው ጊታር ሄዶ እንደነበር አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ይህን ማየቴ እኔንም አሳፈረኝ።

በእኛ ቤተሰብ ደንብ፣ የሙዚቀኛ ሚስት ከል እስክታወልቅ ድረስ የባሏ መሣሪያ ድምፅ አያሰማም። ዓመቱ ሲሞላ ድግስ ይደገሳል፣ ቤተሰቡ አንድ ዓይነት አዲስ ጨርቅ ይለብሳል፣ ሚስቲቱ ከሏን ታወልቃለች፤ ያኔ የመጀመሪያው ድምፅ በእሷ ፊት ይሰማል። የሚያሰማው የበኩር ልጁ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። መሣሪያው በዚያ ቀን እምቢ ካለ «አባትየው አልመረቀውም» ይባላል፣ ወሬው ከልጁ ጋር ያረጃል። እኔን ግን ከወሬው ይልቅ የምታሳስበኝ እናቴ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ የምትናገረው የግድ የሆነውን ብቻ ነው፦ ጨው አልቋል፣ ዝናብ መጣ፣ በሩን ዝጋ። ያቺ ጊታር ስትሰማ ትመለስልኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ድግሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጊታሯን ሳወርዳት ገመድ የሚሰካባት ቀዳዳ ላልታ፣ ክሮቿም ዝገዋል። አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ቀዳዳዋን ብቻ እንዲያጠብቁልኝ፣ ሌላ ነገር እንዳይነኩብኝ ለመንኳቸው።

«ዶኔ ልጄ» አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ «እኔ መቼ ነው ሌላ የነካሁት?» ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

በሦስተኛው ቀን ብቅ ስል ባለቤታቸው ማማ ምፔምባ በሩ ላይ ዓይኔን ማየት አልፈለጉም። ወደ ውስጥ ገባሁ። የጊታሯ አንገት ጠረጴዛ ላይ ነው። ገላዋ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ በሁለት አንሶላ መካከል ተንጠልጥሏል። ብሎኖቿ በስድስት የቲማቲም ጣሳ ተከፋፍለዋል። ማማ ምፔምባን ምን እያበሰሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ድስቱ ይንተከተክ ነበርና።

«ክር ነው» አሉኝ። «ዛሬ ምሳችን ክር ነው።»

ፓፓ ኪያላ በእርጋታ አስረዱኝ። የጊታር ክር የሚደነዝዘው ያባቴ የሃያ ዓመት ላብና ጨው ገብቶበት ነው፤ ሲቀቀል ጨውን ይለቃል። አራተኛዋ ክር ግን መቀቀሉን አልቻለችም፣ ተበጠሰች። እዚህ ከተማ ጊታር የያዘ ሁሉ አራተኛውን ወፍራም ክር አውልቆ ቀጭን ያስርበታል፤ የሩምባው መቅለጥለጥ ያለው በሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ያባቴ ዜማ የለም። ፓፓ ኪያላ አላመነቱም። ከልጃቸው ሞተር ሳይክል የፍሬን ገመድ ውስጥ አንዲት ዘለላ መዘው በመቃኛው ላይ ጠመጠሟት። ልጁ በምን እንደሚያቆም ስጠይቃቸው፣ ቀስ ብሎ ይንዳ አሉ።

በስምንተኛው ቀን የባሰ ጠበቀኝ። ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፅ የሚለቅመው ማግኔት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል። እሱን ፈትተውት ግቢው ሙሉ ተዘርግቷል፤ አንዲት ዶሮ እግሯን ተጠልፋ ትንጫጫለች። ፓፓ ኪያላ በማማ ምፔምባ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው፣ ማግኔቱን መዘውሩ ላይ አስረው፣ እያሽከረከሩ ይቆጥራሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እግራቸው ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አምስት ሺ ሁለት መቶ ደርሼ ነበር» አሉ። «ወይስ ሦስት መቶ?»

ፈትተው ከአንድ ጀመሩ። እኔም በእግሬ ጣት ወጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው፤ ቀዳዳ አጠብቅ ብዬ ጊታሯን ዶሮ አስረገጥኳት። ለእናቴ ምን እንደምላት ጨነቀኝ። እንዴት ነች ብላ ስትጠይቀኝ «እየተሻላት ነው» አልኳት፤ ስለ በሽተኛ የምናወራ ይመስል ነበር።

ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄጄ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጊታሯ ሙሉ ነች። አንገቷ ተገጥሟል፣ ክሮቿ ያበራሉ፣ አንገቷ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ጠርዝ ከፍየል አጥንት ተቀርጻ ገብታለች። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ደረቷን አየሁ። በቀዩ ቀለም መሐል በትራፓኖ ተበስታ፣ ከጠረጴዛ መብራት የተነቀለች ማብሪያ ማጥፊያ ተሰክታባታለች። አባቴ ሃያ ዓመት ካቻቪቴ ያላስነካው ደረት ነው። እንባዬ መጣ። ታላቅ ሰው ናቸው ብዬ ነው እንጂ አፌን እከፍት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ፓፓ?»

«አሁን ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ ተወው።»

«ወደ ታችስ?»

«እሱን እኔ ስነግርህ።»

ድምፅዋን ሳልሰማ እንዴት ልመናት ብላቸው፣ እሳቸውም እንዳልሰሙ ነገሩኝ። ደንቡን ያውቃሉ፤ ማማ ሉዞሎ ከሏን ሳታወልቅ ማጉያ ላይ አልሰኳትም። በድስት የተቀቀለች፣ በስፌት መኪና የተጠመጠመች፣ የፍሬን ገመድ የታሰረባት ጊታር አንድም ጊዜ ሳትሞከር ነው ቤተሰቡ ፊት የምትቀርበው። ሳላመሰግን ይዣት ወጣሁ።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ሞላ፣ በጨው የደረቀው ዓሣ ተጠበሰ፣ መብራት ቢሄድ ተብሎ ጄኔሬተር ተዘጋጀ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ከአክስቴ ጋር ወደ ጓዳ ገብታ ከሏን አውልቃ፣ ሰማያዊውን አዲስ ጨርቅ ለብሳ ወጣች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ጊታሯን ሰካኋት። ምንም የለም። «እምም» የለ፣ ኮሽታ የለ። ሞታለች አልኩ በልቤ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ክሩን ነካሁት።

ጮኸች። እንዲያ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከሷ ወጥቶ አያውቅም። ያቺ የፍሬን ዘለላ ከሁሉ በላይ ትዘምራለች። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ያባቴን ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩት፣ አንድ ጣቴ ብቻ ሳተ። ሰው አጨበጨበ፣ አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ወደ እናቴ አየሁ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጊታሯን የማታውቃት ሰው እንደሆነች ሁሉ ታያታለች። «ጥሩ ነው» አለች፣ በዓመቱ ሙሉ ድምፅዋ፤ ጨው አልቋል እንደምትለው። ከመሳቅ ይልቅ ማልቀስ አማረኝ።

ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ ፓፓ ኪያላ አንድ ጣታቸውን አንስተው ወደ ታች አሳዩኝ። እንዳላየ ሆንኩ። ደገሙልኝ። ሦስተኛ ጊዜ በካቻቪቴው አመለከቱኝ። ከዚህ በኋላ ምን ሊበላሽ ነው ብዬ እጄን ከክሮቹ አነሳሁና ማብሪያ ማጥፊያዋን ወደ ታች ጫንኳት።

«እምምምም።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የያዙትን ጠርሙስ ወንበራቸው ሥር አኖሩ። እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች። ወደኔ አላየችም፤ ያየችው አባቴ ይቀመጥበት የነበረውን የበረንዳውን ጥግ ነው።

«ደሞ ጀመረው» አለች።

ከማድ ቤት ሆና እንደምትለው ነው ያለችው፣ በዚያው ምሬት። ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ከእንባዋም ጋር ሳቅ መጣ። ተነሥታ ወገቧ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠባበቀች፣ አክስቴን በክንዷ ጎትታ መሐል ገባች። እኔም ተጫወትኩ። በየዜማው መሐል እጄን ባነሳሁ ቁጥር አባቴ «እምምም» ይላል፣ እናቴም እየጨፈረች ትሰድበዋለች።

ድግሱ ሲበተን ወደ ፓፓ ኪያላ ሄድኩ።

«የጎደለችው ሽቦ ደረቷ ላይ ክሮቹን ከሚሸከመው ብርኩማ ሥር የምትገባዋ ነበረች» አሉኝ። «ሃያ ዓመት የለመንኩት እሷን ላስገባ ነው። አስገባኋት። ካስገባኋት በኋላ ግን ማሳምባን ከቤቱ ያስወጣሁት መሰለኝ። ስለዚህ ሽቦዋን የምትቆርጥና የምትቀጥል በር ሠራሁለት። ወደ ላይ ያንተ ነው፣ ወደ ታች ያባትህ።»

«ሳይሰሙ እንዴት ያው እንደሚሆን አወቁ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ በአጥር ሰምቼው» አሉ፣ እንደማይገባው ልጅ እያዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ማጉያውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ ነቅነቅ አደረጉት። «ይሄማ…» ሲሉ ነጥቄያቸው ሮጥኩ።

አሁን ጊታሯ እቦታዋ ተሰቅላለች። እናቴ ማድ ቤት ስትሆን ማጉያው ላይ እሰካትና ማብሪያ ማጥፊያዋን ወደ ታች እጫናታለሁ፤ ስድቡም ይከተላል። ትናንት ሬዲዮዬን ይዤ አጥሩን ዞርኩ። ፓፓ ኪያላ በሩ ላይ ተቀብለውኝ ምን ሆነ አሉኝ። ኧረ ምንም አልሆነ፣ ደህና ይሠራል አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ግባ አሉኝ።