የሻጩ ጤና

ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ይጠይቃል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለች፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው። ሚስቱን ይዞ የሄደ ደግሞ የቁም ሳጥኑን ቦታ በክንድ ሲለካ ይውላል። ጠንቀቅ ያለው ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ ብሎ ያጣራል። እንዲህ ዓይነት ሰው በሰፈራችን አንድ ነበር፤ እስካሁን ተከራይ ነው። የሻጩን የደም ግፊት የሚጠይቅ ገዢ ግን አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚህ አምስት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ኖርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የሚደርስበት ዘመን ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ቤቱን መሸጥ አይችልም። የከተማችን ሰው ደግሞ ሕግ አክባሪ ነውና አይሸጥም። ይወክላል። ሻጭ የሚባለው ገንዘቡን ይቀበልና፣ ቤቴን እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲያከራይልኝ፣ ጊዜው ሲደርስም ስሙን እንዲያዞርልኝ ብሎ ገዢ ለሚባለው ውክልና ይሰጠዋል። በጎን ሦስት ምስክር ያለበት የመንደር ውል ይጻፋል፤ ውሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አምስት ዓመት ይጠበቃል። በቃ። በኛ ብሎክ ቤት የገዛ አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ተወካዮች ነን።

የኔ ወካይ ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ ካዛንቺስ የድሮ ጎረቤታቸው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ዕጣው የወጣላቸው ላንቻ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ሊወጡት ሞከሩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉና "ለወፍ ነው እንዴ የሰሩት?" አሉ። ከዚያ ደላላ ጠሩ።

ለድርድሩ እትዬ ብዙነሽን ይዘን ሄድን። አክስቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከኔና ከባለቤቴ ከሮማን ጋር ነው የምትኖረው። ነጋዴ የሚፈራት ሴት ናት። ያን ቀን የፎቁን ብዛት፣ የሊፍቱን አለመኖርና የጋሽ መኩሪያን ጉልበት እያነሳች ዋጋውን አወረደችው። በመጨረሻ ጋሽ መኩሪያ ወደ ደላላው ዞር ብለው፣

"እኚህ ሴትዮ ቶሎ ካልተነሱ ቤቱን በነጻ መስጠቴ ነው" አሉ።

ተፈራረምን። እትዬ ብዙነሽም ምስክር ሆና ፈረመች። ውሉ ላይ "ሻጭ ቤቱን ለቆ አስረክቧል፤ ከእንግዲህ በቤቱ የመኖር መብት የለውም" የሚል አንቀጽ አለ። ደላላው ነው ያስገባው። ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠበቃ የሚማከረው ከተፈረመ በኋላ ነው። በሳምንቱ ኡራኤል አንድ ካፌ ተቀምጠን፣ አብሮኝ ለተማረ ጠበቃ ወረቀቶቹን አሳየሁት። ምክር ፈልጌ አልነበረም፤ እንዲያመሰግነኝ ነው።

"ሰውዬው ስንት ዓመታቸው ነው?" አለኝ።

"ስልሳ ስምንት።"

"ጤናቸውስ?"

"እሱ ምን አገባኝ?"

"ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል" አለ ማኪያቶውን እያማሰለ። "ያኔ የምትነጋገረው ከወራሾች ጋር ነው።"

"ወራሽ የላቸውም እኮ።"

"አሁን የላቸውም" አለኝ።

ለሮማን ስነግራት መጀመሪያ ያስታወሰችው ሳሉን ነው። ሲፈርሙ ራሱ ያስሉ ነበር። ሲጋራም ያጨሳሉ። ያለንን ሁሉ የከተትንበት ቤት በአንድ ሽማግሌ ሳንባ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በማግስቱ ብርቱካን ይዤ ካዛንቺስ ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያ በሩ ላይ ቆመው ብርቱካኑን በጥርጣሬ አዩት።

"ምነው፣ ብሩን ልታስመልስ ነው?"

"ኧረ ጤናዎን ልጠይቅ ነው።"

"ጤናዬን ማን ሸጠልህ?"

እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። ክሊኒክ ወሰድኳቸው፤ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የግፊት መለኪያ ገዛሁ። ሌላው ሰው የዶላር ምንዛሪ ይከታተላል፤ እኔ የጋሽ መኩሪያን ግፊት። ለጉልበታቸው መስቀል ፍላወር ያለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ አመላለስኳቸው፤ እግራቸውን እያጠፈች ስትዘረጋ እኔ አጠገቧ ቆሜ እቆጥር ነበር። ጨው የሌለው ምግብ የሚሰራላቸው ደግሞ አልነበረም። እትዬ ብዙነሽ "እኔ አደርስላቸዋለሁ፤ ቤቱ እኮ የኔም ነው" አለች። በየረቡዑ የአጃ ሾርባ በሰማያዊ ሳህን፣ ሳህኑን በፎጣ ቋጥራ፣ ከላንቻ ታክሲ ትይዛለች። በሁለተኛው ዓመት ረቡዕና አርብ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ቀን መቁጠር ተውን።

"መኩሪያ ሲጋራ አቆመ" አለች አንድ ቀን፣ ጫማዋን እያወለቀች። "ጋሽ" የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ የታየኝ የሲጋራው መቆም ብቻ ነው። ጫማውም አዲስ ነበር። ሮማን አንዳንዴ ዝም ብላ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ እንደ እትዬ ብዙነሽ ለጉዳያችን የሚታገል ሰው የለም እላታለሁ።

በአራተኛው ዓመት ክረምት ጋሽ መኩሪያን ሳንባ ምች ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ነርስ አዝናልኝ "አባትህ ናቸው?" አለችኝ።

"ወካዬ ናቸው" አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በነዚያ ሦስት ቀናት ስለ ቤቱ ያሰብኩት ግማሹን ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሌላው ግማሽ "ጤናዬን ማን ሸጠልህ?" የሚለው ድምፅ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነበር። በአራተኛው ቀን ተነስተው የሆስፒታሉን ሾርባ ተሳደቡ። ዳኑ ማለት ነው።

አምስቱ ዓመት ሞላ። ወረቀቴን ሰብስቤ ስም ላዞር ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አንድ በአንድ አገላበጠችና አንዱን መለሰችልኝ።

"ይሄ ያላገባ ማስረጃ የአምስት ዓመት ነው። አዲስ ያምጡ።"

"ሰውዬው ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው እኮ።"

"ቢሆንም።"

እየሳቅሁ ካዛንቺስ ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ወረዳ ብቅ ብለን ያላገባ ማስረጃ እናውጣ።"

ጥፍራቸውን አዩ። "እሱ እንኳን አይሆንም።"

"ለምን?"

"አግብቻለሁ።"

"ማንን?"

ከውስጥ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። በተከፈተው በር አየሁት። ሰማያዊ ነው።

እትዬ ብዙነሽ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። ሰማንያቸውን ከተፈራረሙ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ስምንት ወር ሙሉ እንደ ተማሪ ልጅ አመሻሽ ላይ ላንቻ እየተመለሰች ከኛ ጋር እራት ስትበላ ነበር ማለት ነው። "ስሙ ይዙርና እንነግራችኋለን ብለን ነው" አለች። "ማለቴ፣ እንዳትደነግጡ ብለን።"

ለጠበቃው ደወልኩ።

"ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተገኘ ነው፤ የግል ንብረታቸው ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ።"

"ከማን ጋር?"

"ከአክስትህ ጋር።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"ትፈርምልህ።"

በቀጠሮው ቀን ከሮማን ጋር አራት ሆነን ሄድን፤ እትዬ ብዙነሽ መነጽሯን አድርጋ የሚስት ስምምነት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከኋላችን ሰልፉ ያጉረመርማል። ጋሽ መኩሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በከፍተኛ ጥሞና ያነባሉ።

"ዋጋው ግን አላነሰም?" አለች።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ ያወረድሽው።"

"ያኔ መኩሪያ ባዳ ነበር።"

ብዕሩን አነሳች። አልፈረመችም። "ያ ሰርቪስ ቤት በክረምት ያፈሳል። ሳሉ ከተነሳበት ደግሞ አይለቀውም። ጤናውን ታውቃለህ።"

ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"የኔ ክፍል ሰፊ ናት" አለች፣ ብዕሩን ከወረቀቱ በላይ እንደያዘች።

ሮማንን አየኋት። ሮማን ጣሪያውን አየች።

"ሰፊ ናት" አልኩ።

ፈረመች።

ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ምክሬ ይኸው፦ ካርታውን አጣሩ፣ ዕዳና እግዱን ጠይቁ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ለምስክርነት ደግሞ አክስታችሁን አትውሰዱ።

አሁን ጋሽ መኩሪያ አራቱን ፎቅ በቀን ሁለቴ ይወጡታል፤ የፊዚዮቴራፒ ወጪዬን የማያስቆጭ ጉልበት ነው። እኔ ሦስተኛው ላይ ቆሜ ሳርፍ ዳቦ በብብታቸው ይዘው ያልፉኛል። "ግፊትህን ተለካ" ይሉኛል።

ትናንት ቁልፍ ረስቼ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አንኳኳሁ።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ገዢው ነኝ" አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ትንሽ አሰቡና ከፈቱልኝ።