ቁልፉን የተጫነ ኬኩን ይጋግራል

[ዴንማርክ፣ ዩትላንድ ውስጥ ያለ የአይብ ፋብሪካ፤ የኮምፒውተሮቹ ክፍል። አርብ ከምሳ በኋላ ነው። አርብ ከምሳ በኋላ ማለት ዴንማርካዊ ግማሽ ልቡን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ቶርኪል ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል። እንደ እሱ ሐሳብ የፋብሪካው የኮምፒውተር መረብ የቆመው በእሱ ትከሻ ነው፤ ኬብሉ ለጌጥ ነው። የሥራ ባልደረባው ቫግን ከጎኑ ቆሞ የኮምፒውተሩ አንዲት ቁልፍ ላይ አፍጥጧል። ቶርኪል ቫግንን የሚያየው ሰው ጃንጥላውን እንደሚያየው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከላዩ ይዘረጋዋል።]

ቶርኪል፦ ተጫን።

ቫግን፦ አልጫንም።

ቶርኪል፦ አንዲት ቁልፍ ናት እኮ። ጣትህን ታሳርፍባታለህ፣ ታነሳለህ። ድመትም ትችለዋለች።

ቫግን፦ እንግዲያው ድመት ጥራ።

ቶርኪል፦ አንተ ነካ አድርጋት ብቻ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።

ቫግን፦ ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኝ ነካ አደረግኳት። የፎቁ ማተሚያዎች ሁሉ በጀርመንኛ መጻፍ ጀመሩ። ኬኩን ማን ጋገረ?

ቶርኪል፦ የተጫነው ነዋ። ሕጉን እኔ አላወጣሁት። ቁልፉን ተጭኖ ነገር ያበላሸ ሰው ሰኞ ለፎቁ ሁሉ ኬክ ይዞ ይመጣል። የሱቅ አይደለም፤ በእጁ የጋገረውን። ይህ ፋብሪካ አይብ መሥራት ሳይጀምር የነበረ ሕግ ነው።

ቫግን፦ ከዚያ በፊትም ነካ አድርጋት አልከኝ። የአይብ መጋዘኑ በር አልከፈትም አለ፤ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስኪወጡ ድረስ የሸጥነውን አይብ ሲበሉ ዋሉ። እሱንም እኔ ጋገርኩ።

ቶርኪል፦ ጥሩ ኬክ ነበር።

ቫግን፦ ለአንተማ ጥሩ ነው። ሚስቴ ጉድሩን ግን መሯታል። ነገ ከከተማ ዳር ያለችውን የጓሮ ጎጇችንን ለበጋው የምንከፍትበት ቀን ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቀው የከረመችው። "ደግሞ መጋገሪያዬን ይዘህ ወጥ ቤት ብትቆም፣ ብቻዬን ሄጄ በሩን ከውስጥ እቆልፍብሃለሁ" ብላኛለች። ሚስቴን ታውቃታለህ፤ ካለች አለች ነው።

ቶርኪል፦ እኔ ደግሞ ሰኞ አለቃችን ቢርተ የክፍሉን ኃላፊ ስትመርጥ ምን የምላት ይመስልሃል? "ቢርተ፣ እዚህ ቤት ኬክ ጋግሬ አላውቅም" እላታለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ሌላ ሰው እንዲህ ማለት ይችላል?

ቫግን፦ አይችልም። ግን እኮ ተጭነህ አታውቅም።

ቶርኪል፦ ጄኔራል መድፍ ሲተኩስ አይተህ ታውቃለህ?

[ቫግን ጄኔራልም መድፍም አይቶ እንደማያውቅ ለማሰብ ጊዜ ይወስዳል።]

ቫግን፦ እሺ። የምጫነው ነገር ምን እንደሆነ ልወቅና ልጫን።

[የቶርኪል ፊት በራ። ማብራራት ለእሱ ምግብ ነው፤ ለሚሰማው ግን ጾም።]

ቶርኪል፦ በየግድግዳው ላይ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥኖች አሉ አይደል? መረባችን በእነሱ ነው የሚከፋፈለው።

ቫግን፦ አንደኛው ላይ ኮፍያዬን እሰቅላለሁ።

ቶርኪል፦ አልሰማሁም። ለእነዚያ ሳጥኖች አንድ በአንድ እየዞርኩ ትእዛዝ አልጽፍም። አንድ አብነት እጽፋለሁ፤ ማሽኑ አብነቱን እያባዛ ለሁሉም ያድላል። ትእዛዙ ምን ይላል? ካሉት አድራሻዎች መካከል የቢሮውን ሰፈር ብቻ አጣርተህ ያዝ፤ ከእነሱ ሌላ ለማንም በር አትክፈት።

ቫግን፦ ኮምፒውተር ሰፈር አለው?

ቶርኪል፦ አለው። አድራሻው አራት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሰፈሩን፣ የመጨረሻው ቤቱን ይናገራል። የቢሮው ሰፈር አስር፣ ሃያ፣ አራት ነው። በዚያ የጀመረ የሰፈር ልጅ፣ በሌላ የጀመረ ባዕድ።

ቫግን፦ የእኔ ኮምፒውተር መስኮቱ ጋ ነው፤ የባልደረባችን የማሪተ እዚያ ማዶ፣ ደረጃው ሥር። እንዴት የአንድ ሰፈር ሆኑ?

ቶርኪል፦ ሰፈሩ በቁጥሩ ነው እንጂ በወንበሩ አይደለም።

ቫግን፦ እንደ ጎጆ ማኅበራችን በለኛ። የሆልገር ጎጆ ከአጥሬ ማዶ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ እንጆሪዬን ይለቅማል፣ ይለቅማልም። ግን የሌላ ማኅበር አባል ነው። ስብሰባ ሲጠራ አይመጣም፤ ቋሊማ ሲጠበስ ይመጣል።

ቶርኪል፦ በትክክል። ማጣሪያው የሚከለክለው ሆልገርን ነው።

ቫግን፦ [ደንግጦ] ሆልገር ምን አደረገ?

ቶርኪል፦ ምሳሌ ነው፣ ቫግን።

ቫግን፦ ስለ እንጆሪው ከሆነ እኔው እነግረዋለሁ። ከፋብሪካ ማሳገድ ምን አመጣው? ኮምፒውተርም የለው።

ቶርኪል፦ ሆልገርን ተወው። ማሽን ሊጠግን የሚመጣ ሁሉ የራሱን ኮምፒውተር ባገኘው ቀዳዳ እየሰካ ሳጥኖቻችንን ያዛል። ያንን ነው የምዘጋው። ማጣሪያ ማለት ወንፊት ማለት ነው። ወንፊት አይተህ ታውቃለህ?

ቫግን፦ አውቃለሁ። የትኛው ነው ግን የሚፈለገው?

ቶርኪል፦ የትኛው ማለት?

ቫግን፦ ከላይ የቀረው ወይስ ከታች የወረደው? ዱቄት ስትነፋ የወረደውን ትይዛለህ፣ ላይ የቀረውን ትጥላለህ። እኛ ፋብሪካ ግን አይቡ ላይ ይቀራል፣ አጓቱ ወርዶ ለአሳማ ይሄዳል። እና የሰፈር ልጆቹ አይብ ናቸው ወይስ አጓት?

ቶርኪል፦ አንተ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ነው አጓቱ። አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ከወንፊት የቱ እንደሚያዝ ይጠይቃል? ይህን ሰኞ ለሁሉም ነው የማወራው።

ቫግን፦ አውራ። ግን የትኛው ነው?

ቶርኪል፦ የሚያዘው ይያዛል፣ የሚጣለው ይጣላል። ተጫን።

ቫግን፦ እሺ፣ እሺ። እኔ ከየትኛው ነኝ?

ቶርኪል፦ አንተ የሰፈር ልጅ ነህ፤ ያሳዝናል ግን ነህ።

ቫግን፦ ማሪተስ?

ቶርኪል፦ እሷም።

ቫግን፦ ቢርተስ?

ቶርኪል፦ ቢርተም። ሁላችሁም።

ቫግን፦ አንተስ?

ቶርኪል፦ እኔን ከእናንተ ጋር አታደባልቀኝ። ለኮምፒውተሬ ለብቻው ሰፈር ሠርቼለታለሁ። የእናንተ ማተሚያ ሲነጫነጭ፣ ማሪተ የሹራብ ፎቶ ስትልክ እኔ ጋ ድርሽ አይልም። መተላለፊያው ላይ የሰቀልኩት ትልቁ ስክሪን አለ አይደል፣ ሳጥኖቹን በሙሉ በአረንጓዴ የሚያሳየው? እሱም የእኔ ሰፈር ነው።

ቫግን፦ ሌላ ጎረቤት የለህም?

ቶርኪል፦ ንስር ጎረቤት አለው?

ቫግን፦ ቋሊማ ሲጠበስ ታዲያ ማን ይጠራሃል?

[ቶርኪል ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ይሰቅላል። የሊቃውንት ዕጣ ይህ ነው ይላል በልቡ፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ስለ ቋሊማ ይጠይቃል።]

ቶርኪል፦ ገባህ አይደል? እንግዲህ ተጫን።

ቫግን፦ በየትኛው ጣት?

ቶርኪል፦ በፈለግከው።

ቫግን፦ የቀኙ ሌባ ጣቴ ትናንት አጥር ስከረክም ተቆርጧል። ፕላስተር አለበት። ፕላስተሩ ቁልፉ ላይ ቢጣበቅስ?

ቶርኪል፦ በግራው።

ቫግን፦ ግራው ሰነፍ ነው። ጠንከር ልበል ወይስ ላላ?

ቶርኪል፦ ቫግን።

ቫግን፦ ተጭኜ ልቆይ ወይስ ቶሎ ላንሳ? ማሪተ ተጭና ስትቆይ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይመጣል።

ቶርኪል፦ ቶሎ አንሳ።

ቫግን፦ ከመጫኔ በፊት ሙከራ የሚባል ነገር የለም? ጉድሩን ሊጡን ሳትቀምስ ወደ ምድጃ አታስገባም።

ቶርኪል፦ ሙከራ የሚያስፈልገው ለሚሳሳት ሰው ነው።

ቫግን፦ እሺ። ቁልፏ ይቺ ናት ወይስ ከጎኗ ያለችው ረጅሟ?

ቶርኪል፦ ወዲያ ሂድልኝ።

[ቶርኪል በክርኑ ገፋ አደረገውና ቁልፏን ራሱ ተጫናት። ቫግን ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ሁልጊዜም ምንም የለም፤ ስለዚህ ቶርኪል አላየውም።]

ቶርኪል፦ አየህ? ይኸው ነው። ሕፃን ልጅ ጫማ እስኪያስር ያህል እንኳ አልፈጀም። አሁን ውጤቱን እንይ።

[ያያል። ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ይዞራል፤ ይዞራል፤ ከዚያ ቆመ።]

ቫግን፦ ነጥቡ ደከመው።

ቶርኪል፦ እያሰበ ነው።

ቫግን፦ ምን ይላል ይሄ ቀዩ ጽሑፍ?

ቶርኪል፦ "አልፈቀድንልህም" ይላል። ለእኔ አይደለም። ለአንድ ባዕድ ይሆናል።

ቫግን፦ ባዕዱ የት ነው ያለው?

[ቶርኪል ሌላ ሳጥን ይሞክራል፤ አልፈቀድንልህም። ሌላ፤ አልፈቀድንልህም። በሩ ተከፈተና አለቃቸው ቢርተ ገባች። ከኋላዋ መተላለፊያው ኮት በሚለብስ ሰው ተሞልቷል፤ የብስክሌት ቁልፍ ይንቃጨላል።]

ቢርተ፦ ትልቁ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል። ሰዉ መረቡ ሞተ ብሎ ኮቱን አንስቷል። አርብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እነዚህ ሰበብ እንጂ ማረጋገጫ አይፈልጉም።

ቶርኪል፦ መረቡ ደህና ነው። ስክሪኑ ብቻ ነው ሳጥኖቹን ማየት ያቃተው። ሳጥኖቹ እሱን... ከሰፈራቸው ውጭ ነው ብለው... እኔንም እንደዚሁ...

ቢርተ፦ ራስህን አግደህ ነው?

ቶርኪል፦ ማጣሪያው በጣም በትክክል ነው የሠራው። ይህን ልብ በይልኝ።

ቢርተ፦ ማን ነው የተጫነው?

[በዚህ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። ኮት ሲለብሱ የነበሩት አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቆሙ። ቶርኪል ወደ ቫግን ያያል፤ ጃንጥላው ይዘረጋ እንደሁ።]

ቫግን፦ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። አሁንም እዚያው ነው።

ቶርኪል፦ በሐሳብ ደረጃ ካየነው መጫን ማለት...

ቢርተ፦ በጣት ደረጃ እየው።

ቶርኪል፦ እኔ።

[መተላለፊያው ውስጥ አንድ ሰው "ቶርኪል ነው" ብሎ አስተላለፈ፤ ወሬው ከኢንተርኔቱ ፈጥኖ መጋዘኑ ደረሰ።]

ቢርተ፦ እና አሁን ማን ይክፈተው?

ቶርኪል፦ ከቢሮው ሰፈር ያለ ኮምፒውተር። እ... የቫግን።

ቫግን፦ የእኔ? አጓቱ?

ቶርኪል፦ አይብ ነህ። አሁን ተቀመጥ።

[ቫግን መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቀመጣል። ቶርኪል ከኋላው ቆሞ የራሱን ሰፈር ቁጥር አብነቱ ላይ እንዲጨምርለት ፊደል በፊደል ይነግረዋል። ቫግን በአንድ ጣት፣ በሰነፉ በግራው፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ይለቅማል። ከኋላ ኮታሞቹ ቆመው ያያሉ፤ ይህን ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።]

ቶርኪል፦ ጨረስክ። ተጫን።

ቫግን፦ ቢርተ፣ ይሄኛው ከተበላሸ ኬኩ የማን ነው?

ቢርተ፦ የእሱ። ዛሬ የሚበላሸው ሁሉ የእሱ ነው።

[ቫግን ስለ ጣትም ስለ ፕላስተርም ሳይጠይቅ ነካ አደረጋት። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ኮታሞቹ አዘኑ።]

ቢርተ፦ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ሰኞ እንገናኝ፣ ቶርኪል። እኔ ባለ ኮኮናቱን ነው የምወደው።

[ወጣች፤ ሰዉም ተበተነ። ቶርኪል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን አልተንሰራፋም። ቫግን ኮፍያውን ከሳጥኑ ላይ ያነሳል።]

ቶርኪል፦ ሆን ብለህ ነው።

ቫግን፦ ምኑን?

ቶርኪል፦ ጣቱን። ፕላስተሩን። ሆልገርን።

ቫግን፦ ሆልገርስ እውነት አሳስቦኛል። የቀረው የጉድሩን ምክር ነው። ጠዋት ስወጣ "ከሊቅ ጋር አትከራከር፣ ጠይቀው። ሲሰለቸው ራሱ ይጫነዋል" አለችኝ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ ቶርኪል፤ አንተን ግን ብዙ ኬክ ጋግሬ ነው ያወቅኩህ።

[ቶርኪል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማንም እንደሌለ ወደ በሩ አየ።]

ቶርኪል፦ ቫግን... ያ ባለ ኮኮናቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

ቫግን፦ ቀላል ነው። እንቁላልና ስኳር ትመታለህ፣ ዱቄቱን ትነፋለህ፣ ወተትና ቅቤ ትጨምራለህ፣ ምድጃ ታስገባለህ። ኮኮናቱ በኋላ ከላይ ነው።

ቶርኪል፦ ዱቄቱን በወንፊት ነው የምነፋው?

ቫግን፦ በወንፊት።

ቶርኪል፦ [እንደገና ወደ በሩ አይቶ] የምይዘው ላይ የቀረውን ነው ወይስ የወረደውን?

[ቫግን ኮፍያውን አጠለቀ፤ የቶርኪልን ትከሻ መታ መታ አደረገ።]

ቫግን፦ አንተ ነፋ ነፋ አድርገው ብቻ፤ የቀረውን ለአሳማ ተወው።