ከሰደፉ ሥር የተገኘው ስም

ደብረ ታቦር ውስጥ ግድግዳው ላይ አሮጌ ጠመንጃ የሰቀለ ሰው ቤት ከገባችሁ፣ ከየት እንደመጣ አትጠይቁ። ምሳ ሰዓት የተጀመረ መልስ እራት ሊደርስበት ይችላል። እኛ ቤትማ ሳይጠየቅም ይነገር ነበር።

የእኛው ውጅግራ ነው፤ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ የድሮ ጠመንጃ። አባቴ ይሉ እንደነበረው፣ አያቴ አያ ይመር ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ቆላው ወርደው ዝሆን የገደሉበት ነው። ደርሶ የሚባል ጓደኛ አብሯቸው ነበር። ዝሆኑ ዞሮ ሲመጣባቸው ደርሶ ሸሸ፤ አያታችን ብቻቸውን ቆመው ጣሉት። ደርሶም አፍሮ በዚያው ቀረ። የደርሶ ልጆችና የልጅ ልጆች ከዚያ ወዲህ "የፈሪ ዘር" ተባሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ብያለሁ። ስል ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ?

አባቴ ሲያርፉ ጠመንጃው ለእኔ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት አኮረፈ። ለተዝካሩ ትፎክርበታለህ፣ አሳድስልሃለሁ ብዬ አባበልኩትና አቶ ሞላ ወደሚባሉ ጠመንጃ ጠጋኝ ወሰድኩት።

አቶ ሞላ አገላብጠው አዩት። የአፈሙዙን ውስጥ ዝገት በልቶታል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም። እንጨቱ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ይህን ጠመንጃ መፍራት ያለበት ተኳሹ ነው አሉኝ። ከዚያ የሰደፉን ብረት ፈቱና ወደ እኔ አዞሩት። እንጨቱ ላይ በቢላ ጫፍ "ዘደርሶ ተሰማ" ተብሎ ተፈልፍሏል።

ምናልባት አያቴ ገዝተውት ይሆናል አልኩ።

አቶ ሞላ ቀና ብለው አዩኝ። "ሰው ዝሆን እየመጣበት ጠመንጃውን ሸጦ ነው የሚሸሽ?"

ጽሑፉን በስልኬ አነሳሁና በማግስቱ ሐሙሲት ወረድኩ። የደርሶ ልጅ፣ እማማ ብርቄ፣ እዚያ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አባታቸው ሲቀሩ ገና ጡት አልጣሉም ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ አነበብኩላቸው።

"ጠመንጃው እናንተ ቤት ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያ ሞቷል።"

ለአባታቸው ለቅሶ እንዳልተቀመጡ የነገሩኝ ያኔ ነው። ሸሽቷል ተብሎ፣ ለሸሸ ሰው ማን ያለቅሳል? እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በር በሩን ሲያዩ ኖሩ። ጌታዬ ይመለሳል እያሉ።

ጠመንጃውን ላምጣልዎ አልኳቸው። ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

"ብረቱን ምን ላድርገው፣ ልጄ? ሰው ለተዝካር ሲሰበሰብ ቆመህ ተናገር። ደርሶ አልሸሸም በል። እሱ ይበቃኛል።"

በሚካኤል ማልኩላቸው።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞላ። ካህናቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እናቴ በጥቁር ነጠላዋ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ጌትነት የተወለወለውን ውጅግራ ይዞ ፎክሮ ሲጨርስ ተነሳሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። "አያታችንም አባታችንም ስም ያለው ቤት ትተውልናል" አልኩና ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ተናጋሪ ነህ አሉኝ። ጌትነት መጥቶ አቅፎ ሳመኝ፤ ኩርፊያው በዚያው ቀረ።

በጥቅምት እማማ ብርቄ ለአባታቸው ፍትሐት አስፈትተው ተዝካር አወጡ። ጠሩኝ። መቅረት አልችል፣ ሄድኩ። ጠላቸውን ጠጣሁ፣ እንጀራቸውን በላሁ። ሰው በልቶ ሲያበቃ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱና በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። የአባቴን ስም ያነሳልኝ ይህ ልጅ ነው አሉ። በገዛ አባቱ ተዝካር፣ በዘመዶቹ ፊት፣ ሳያፍር ቆሞ መስክሮልኛል። መርቁልኝ።

ማን እንዲያ ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም፤ ምዬላቸው የለ?

ቄሱ ተነስተው እንዳንተ ያለውን ያብዛልን አሉ። ዳሱ በሙሉ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ።