ቶሎ በይ በሁለት ሜጋባይት ላይ የዘመቱበት ዘመቻ

ግራጫው ራውተር በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ማተሚያው ወረቀት መዋጥ በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ቁጥርን የሚያንቀጠቅጡ፣ ደረጃን ሁለት ሁለቱን የሚወጡ፣ አሳንሰር የማይጠብቁ፣ የመስመር ዝርጋታ ክፍሉ ወጣት መሐንዲስ፣ በቅጽል ስማቸው ቶሎ በይ የተባሉት እመቤት፣ በአንድ የትእዛዝ ቅጽ ላይ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። አንድ ክሊኒክ የራጅ ሥዕሎቹን በከተማው ሌላ ጫፍ ላለች ሐኪም ለመላክ፣ በየሰከንዱ ሁለት ሜጋባይት የሚያሻግር መስመር አዘዘ። የክፍሉም ሹም፣ በነገር ሁሉ «ልክ ነው» ማለት ስለሚወዱ ጋሼ ልክነው የተሰኙት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙ! የእኛ አንድ መስመር በሰከንድ ሁለት ሜጋ ከነምራቂው ይሸከማል። እነሱ የጠየቁትም ሁለት ሜጋ ነው። አንድ መስመር ይበቃል፤ ልክ ነው! ስድስት ሰዓት ላይ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ ወዲያ ብታለቅሱም አልሰማ!»

በዚያ ክፍል ግን ከጥንት የጸና ሕግ ነበረ፤ ቁጥር ያሳሳተ ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን፣ የደንበኞች ስሞታ በሚጮህበት በቀዩ ስልክ ፊት አንድ ወር ይቀመጣል። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎበዝ በሁለተኛው ቀን ዝውውር ጠይቋል፤ ሌላው እስከ ዛሬ ስልክ ሲጠራ ይደነግጣል።

ቶሎ በይም ይህን እያወቁ ተነሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ነበሩ፦ ከመዝገብ ቤት ሁለት ጸሐፊዎች፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ካልኩሌተር፣ ሊደርቅ የደረሰ ማርከር፣ ለምን እንደመጣ እሱም የማያውቅ የጥበቃ ሠራተኛ፣ በኋላ ደጀንነትም ሠላሳ ዓመት ኬብል የቀጠሉት እማማ ሽቦ፣ የራሳቸውን በርጩማ ይዘው።

ወእምድኅረዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ቶሎ በይ በነጩ ሰሌዳ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና ሜጋ ሁሉ አንድ አይደለም! መስመራችን የሚለካው በቢት፣ ክሊኒኩ የጠየቀው በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ የጠየቁት ዐሥራ ስድስት ሜጋቢት፣ የሚያሻቸውም ስምንት መስመር! በአንዱ ብንልከው ሐኪሟ ስብራቱን ሳታይ አጥንቱ ገጥሞ ይጠብቃታል። የተሳሳተ ወደ ስልኩ!»

ጋሼ ልክነው ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ነካኩ፤ ሦስት ጊዜም ከዳቸው። ያን ጊዜ ሲኒያቸውን ይዘው፣ ዙፋኑን እንደ ተነጠቀ ንጉሥ፣ ወደ ቀዩ ስልክ ተሰደዱ። ጸሐፊዎቹ እልል አሉ፤ ጥበቃውም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አጨበጨበ።

እማማ ሽቦ ግን ከበርጩማቸው ሳይነሡ አዋጅ ሰደዱ፦ «እልልታው ትንሽ ይቆየኝ፣ ልጆቼ! እያንዳንዱ መስመር በውስጡ ስድሳ አራት ስድሳ አራት ኪሎቢት የሚይዙ ሠላሳ ሁለት ጓዳዎች አሉት፤ በአንዷ ግን ጭነት አይገባም። እሷ ከዚህና ከዚያ ያሉት ማሽኖች እኩል እንዲራመዱ ምት የምትመታ ናት። ከስምንቱ መስመር ስምንት ጓዳ ቀንሺና ቁጠሪ፣ የኔ ልጅ!»

ተቆጠረ። የሚያስፈልገው ዐሥራ ስድስት ሺህ ኪሎቢት፣ የተገኘው ዐሥራ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት። መቶ ሃያ ስምንት ጎደለ! ሰዓቱም ለስድስት አምስት ጉዳይ።

እንዲህ ሆነ፤ ቶሎ በይ ቅጹን አንሥተው አገላበጡ። ቅጹ ላይ ስምንት ተጽፏል፤ ሹሙ ተሰደዋል፤ ለመቶ ሃያ ስምንት ኪሎቢት የሚያለቅስ የለም፤ እማማም ቢሆኑ ሰው አያሳጡም። ቀዩ ስልክ ደግሞ ጮኸ። እመቤቲቱ ስልኩን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ ማርከሩን ነጥቀው ስምንቱን ሰረዙ፣ በራሳቸውም ላይ አወጁ፦ «ዘጠኝ! እኔም ተሳስቻለሁ። ማኅተሙን ምቱ፤ እዚያ ጋ ወንበር ጨምሩ!»

ማኅተሙ ለስድስት አንድ ጉዳይ ሲል ዘጠኝ ላይ አረፈ። ስልኩም ተነሣ፤ ከውስጡ የወጣው የአንድ ደንበኛ አዋጅ እስከ ደረጃው ተሰማ፦ «እናንተ ሌቦች! ስምንት ሜጋ ሸጣችሁልኝ ኮምፒውተሬ በሰከንድ አንድ ብቻ ያወርዳል! ሰባቱን የት አደረሳችሁት?»

ቶሎ በይ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ያን ጠዋት ይህን የማያውቁት ጋሼ ልክነው መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው አወጁ፦ «ጌታዬ፣ እኛ የሸጥንልዎ በቢት፣ ኮምፒውተርዎ የሚቆጥረው በባይት! ለስምንት ያካፍሉት። ሰባቱ አልጠፉም፤ ልክ ነው!»

ይህም ቃል ከአፋቸው በቦታው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበረ።

ክብር ለቶሎ በይ፣ ሹምን በስምንት ለረቱ፣ ራሳቸውንም በአንድ ጓዳ ለማረኩ፣ የተሰበረ አጥንትን በዘጠኝ መስመር ላሻገሩ፣ በቀዩ ስልክም ፊት ሠላሳ ቀን ነግሠው ሹማቸውን ማካፈል ላስተማሩ! ስማቸው ማኅተሙ እስኪደርቅ ሳይሆን ቢት ባይትን እስኪያህል ድረስ ይኑር።