ተሸኝቶ የቀረው ኢንጂነር

«ማዶ ለማዶ ነው የልቤ ጎዳና…» ይልና ቀጣዩን ስንኝ ስለማያውቀው «እምም… እምም…» ብሎ ይሻገረዋል። ሚልኬሳ ዘፈኑን ከማን እንደሰማው እንኳ አያስታውስም። ታላቅ እህቱ ጸጋ ግን በሰማችው ቁጥር፣ ያ የጎደለው ስንኝ ምን ይል ይሆን እያለች ሆዷ ይባባል።

መቼም በየካ ተዳፋት ላይ ዛፍ የሌለው ግቢ ይገኝ ይሆናል፤ ውጭ አገር ለመሄድ «ፕሮሰስ ላይ ያለ» ምሩቅ የታጣበት ግቢ ግን የለም። ይህ ሰው ሥራ ፈት አይደለም፤ ሥራ ፈላጊም አይደለም፤ ፕሮሰስ ላይ ነው። ጫማህ ተቀደደ ሲሉት «ልሄድ አይደል እንዴ?» ይላል። ሚስት አግባ ሲሉት «ፕሮሰሱ ይለቅ!» የጥርስ ሕመሙን እንኳ እዚያ ሄዶ ሊታከመው ያቆየዋል።

ክቡር ኢንጂነር ሚልኬሳን የሚያህል ግን አልታየም። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። የስልኩ ሰዓት በፖላንድ አቆጣጠር ስለሚሄድ የትም ቦታ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። የዚያን አገር ብርድ ለመልመድ ጎሕ ሲቀድ በቲሸርት እንጦጦ ይወጣል። የሳንባ ምች ይዞት ሁለት ሳምንት ሲተኛም «ሰውነቴ አዳፕት እያደረገ ነው» አለ፣ እየሳለ። ኢንተርቪው ያለው ቀን ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ቁምጣ ለብሶ ይቀመጣል። ግቢው ድምፁን ይቀንሳል፤ ጎረቤታቸው ባለ ሱቋ እትዬ ሁሪያም ክቡርነታቸው እንግሊዝኛቸውን እስኪጨርሱ አውራ ዶሯቸውን ታቅፈው፣ አፉን ይዘው ይቆማሉ።

ጸጋ ጉርድ ሾላ ቢሮ ትሠራለች። አለቃዋ አቶ ሠረቀብርሃን ላምበረት ለሚጀመር ሕንፃ የሳይት መሐንዲስ ሲፈልጉ «ወንድምሽ ሰኞ ይጀምር» አሏት። እየበረረች መጣች።

«ላምበረት?» አላት ሚልኬሳ። «እቴ፣ እኔ ፕሮሰስ ላይ ነኝ እኮ!»

«እስኪያልቅ ብትሠራስ?»

«አንዴ ሲሚንቶ ውስጥ ከገባሁ ማን ያወጣኛል? ሌተሩ መጥቷል፤ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው።»

ሌተሩ እውነት ነበር። የፖላንዱ ድርጅት ለሥራ ተቀብሎታል፤ የቀረው ቪዛው ብቻ ነው። ጸጋም አመነች። ማመን ብቻ? ለአቶ ሠረቀብርሃን ደውላ «ወንድሜ ውጭ ስለሚሄድ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ያለችው ራሷ ናት፤ ያውም እየኮራች። ያ የራሷ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

ከዚያ ሽኝቱ መጣ። በቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሚልኬሳ ከሚዘምርበት ኳየር የሚለይ ሰው በጸሎትና በስጦታ ይሸኛል። የኳየሩ መሪ ዋቅቶላ ቀን ቢፈልግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ኮንፈረንስ በፊት የቀረው አንድ እሁድ ብቻ ሆነ። «ቪዛው እስኪወጣ እንጠብቅ» ያለ አልነበረም፤ እንዲያ ማለት እምነት ማነስ ይመስላላ! ሚልኬሳን መሐል አቁመው እጅ ጫኑበት፣ ዘመሩለት፣ ትልቅ ሻንጣ ሰጡት። እሱም በማይክሮፎን «አልረሳችሁም» ብሎ አለቀሰ። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ጸጋ ነበረች።

ሐሙስ ቪዛው ተከለከለ።

የተሸኘ ሰው በየት በር ይገባል? ያልሄደስ ከየት ይመለሳል? ክቡርነታቸው «ሄዱ» ተብሎ፣ መጋረጃ ዘግተው ጓዳ ተቀመጡ።

«ደረሰ ወይ?» ይላሉ እትዬ ሁሪያ በየማለዳው፣ ጮክ ብለው።

«ደርሷል» ትላለች ጸጋ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት እየወደደች።

«ብርዱስ?»

«እየለመደው ነው።»

ሚልኬሳ ከውስጥ ሳሉን በትራስ ያፍናል። ለካ ከፖላንድም የሚርቅ አገር አለ፤ ከጓዳ እስከ ግቢ በር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዋቅቶላ በኳየሩ ግሩፕ «ወንድማችን፣ ፎቶ ላክልን እንጂ!» ብሎ ጻፈ። ሚልኬሳ ከስልኩ ጉም የለበሰ ደን መረጠና «ከፖላንድ በፍቅር» ብሎ ላከ። ኳየሩ ጉድ አለ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ማርቲ ዳቦ ልትገዛ ብቅ ስትል ፎቶውን ለእትዬ ሁሪያ አሳየች። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩት። ከሰዓት በኋላ ድስት ይዘው እነጸጋ ቤት ገቡ።

«ሽሮ ነው፤ ሥጋ የለበትም» አሉና ድስቱን አስቀመጡ። «ጸጋዬ፣ ፖላንድ ባሕር ዛፍ ይበቅላል?»

ጸጋ እንጀራ ልታወጣ ተነሣች።

«እሺ ዛፉ ይሁን። በጉሙ ውስጥ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው ሴትዮስ? ፖላንዳዊት ናት?»

ጸጋ መሳቅ ጀምራ ለቅሶ ሆነባት። «ሥራውን እኮ እኔ ነኝ በገዛ አፌ ያስቀረሁበት፣ እትዬ። ዛሬ ሌላ ልጅ ገብቶበታል።»

«አንቺ ብቻ ነሽ? እኔስ ዶሮ አፍኜለት የለ!» አሉና ወደ ጓዳው ዞሩ። «አንተ ፖላንዳዊ! ና ውጣ! ሱቄንና ጓዳህን የሚለያቸው ቆርቆሮ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳልህን እየሰማሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን ‹ደረሰ ወይ› ይሉኝ ነበር?» አለች ጸጋ ደንግጣ።

«እሱ እንዲሰማኝ ነዋ! ሰው አልረሳኝም ይበል ብዬ።»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሚልኬሳ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ብዙ ጻፈ፣ አጠፋው፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ለኳየሩ የሄደው «አልሄድኩም። ፎቶው የእንጦጦ ነው። ይቅር በሉኝ» የሚል ነበር። መልሱን አልጠበቀም። ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው፤ እጁን ታጠበና በሁለቱ ሴቶች መሐል ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።